የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲዋ ወደ ታሪክ ስትሻገር አንባቢዎቿ ለምን ተከፈሉ?

ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «የአንዲትን ደራሲ የፍቅር ልብ ወለዶች ከወጣትነቴ ጀምሮ አንድም ሳይቀረኝ አንብቤያለሁ። በቅርብ ያወጣቻቸው ሁለት መጻሕፍት ግን ታሪካዊ ልብ ወለዶች ናቸው። በመጀመሪያው ፍቅረኞቹ እስኪገናኙ መቶ ገጽ ያህል አለፈ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጅቷ የቤተሰቧን ርስት ለማዳን ስትል ሌላ ሰው አገባች። ሁለተኛውን ግማሹ ላይ ተውኩት። ታላቅ እህቴ ግን ‹እስከ ዛሬ ከጻፈችው ሁሉ ይበልጣሉ› ትለኛለች። የሌሎች አንባቢዎችን አስተያየት ሳይ አንዱ አምስት ኮከብ፣ ሌላው አንድ ኮከብ ነው። የተለወጠችው እሷ ናት ወይስ እኔ? ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ? ያልወደድኩትን በግልጽ ብጽፍስ ያን ሁሉ ዓመት ያስደሰተችኝን ሰው መበደል አይሆንም?»

ውድ ጠያቂ፣ ሥራዬ የልብ ወለድ አርትዖት ስለሆነ እንዲህ ያለው ቅሬታ ከአንባቢም ከደራሲም ወገን ይደርሰኛል። መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። እርስዎና እህትዎ በአንድ መጽሐፍ የተለያያችሁ ይመስላል፤ የምትመዝኑት ነገር ግን አንድ አይደለም። እርስዎ የሚመዝኑት ደራሲዋ የገባችልዎትን ቃል ነው። እህትዎ የሚመዝኑት አጻጻፏን ነው። ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ኮከቦቹ እንዲህ የተራራቁትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቃል ያልኩትን ላብራራ። የፍቅር ልብ ወለድ ከሌሎች ዘውጎች የሚለየው መጨረሻውን አስቀድሞ ለአንባቢው ማስያዙ ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ዘውጉን የበየነው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የታሪኩ እምብርት የፍቅር ታሪክ ይሁን፣ መጨረሻውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። ዘመኑና ቦታው የትም ቢሆን ግድ የለውም። አንባቢው ስለዚህ የሚጨነቀው «ይገናኙ ይሆን?» ብሎ አይደለም፤ «ይህን ሁሉ አልፈው እንዴት ሊገናኙ ነው?» ብሎ ነው። ጭንቀቱን የሚያጣፍጠው ያ እርግጠኝነት ነው። ይህን ዘውግ «ቀላል ንባብ» ብለው የሚያልፉት ሐያስያን አሉ፤ ፈጽሞ አልስማማም። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ይዞ አንባቢን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ማስጨነቅ ከፍ ያለ ችሎታ ይጠይቃል። ደራሲዎ ይህን ችሎታ ደጋግማ ባታሳይዎት ኖሮ ይህን ያህል ዓመት አይከተሏትም ነበር።

ታሪካዊ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። በእንግሊዝ በ1997 (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የተቋቋመው የታሪካዊ ልብ ወለድ ማኅበር፣ አንድ ሥራ ታሪካዊ ለመባል ከሚተርከው ድርጊት ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ፣ ወይም ዘመኑን በዓይኑ ሳያይ በጥናት ብቻ በሚያውቀው ሰው የተጻፈ መሆን አለበት ይላል። በስኮትላንዳዊው ደራሲ በዋልተር ስኮት ስም ለታሪካዊ ልብ ወለድ የሚሰጠው ሽልማት ደግሞ ስልሳ ዓመት ይጠይቃል። ስለ ፍቅርም ስለ መጨረሻውም የተባለ የለም። መጨረሻው በደራሲው እጅ ብቻ ስላልሆነ ሊባልም አይችልም። ከተማዋ በዚያ ክረምት ወድቃለች፣ ወረርሽኙ በዚያ ዓመት ገብቷል፣ ሕጉ እንዲያ ይላል። ደራሲው ሰዎቹን የሚያኖረው ባለቀ ጉዳይ መሃል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያደናግረው ነገር አለ። ጥንታዊ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሚዋደዱበት ልብ ወለድ ሁሉ ታሪካዊ ልብ ወለድ አይደለም። በጥንት ዘመን የተቀመጠ የፍቅር ልብ ወለድ የሚባል ራሱን የቻለ የዘውጉ ቅርንጫፍ አለ፤ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጆርጄት ሄየር ከ1921 ጀምራ ያቀናችው፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ አሳታሚዎች እጅ እጅግ የሰፋ ቅርንጫፍ ነው። በዚያ ቅርንጫፍ ዘመኑ ዳራ ነው፤ ያስውባል፣ ያደናቅፋል፣ በመጨረሻ ግን ለፍቅሩ መንገድ ይለቃል። በታሪካዊ ልብ ወለድ ዘመኑ መንገድ አይለቅም።

ልዩነቱን በሕግ ላሳይ፤ ሁለቱ ዘውጎች ከአንድ አገርና ከአንድ ዘመን ቀድተው የተለያየ ነገር ሲያወጡ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። በእንግሊዝ በ1753 የወጣው የጋብቻ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ያለ ወላጅ ፈቃድ በጋብቻ ፈቃድ ወረቀት እንዳይጋቡ ከለከለ። ሕጉ ግን ስኮትላንድን አይመለከትም ነበር፤ ስለዚህ ፍቅረኞች በሌሊት በሠረገላ ድንበር ተሻግረው መጋባት ያዙ። በዚያው አገር ያገባች ሴት ደግሞ ለብዙ ዘመን በስሟ ንብረት የመያዝ መብት አልነበራትም፤ ይዛ የገባችው ገንዘብ ወደ ባሏ ይሄድ ነበር፣ ንብረቷን እንደ ማንኛውም ሰው የመያዝና የማስተዳደር መብት ያገኘችውም በ1882 ሕግ ነው። የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚወደው የመጀመሪያውን ሕግ ነው፤ ማምለጫ አለውና። ሠረገላ አለ፣ ድንበር አለ፣ የሚያባርር አባት አለ፣ ንጋት ላይ ሠርግ አለ። የታሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚቀመጠው ሁለተኛው ሕግ ላይ ነው። ማምለጫ በሌለበት ቤት ውስጥ ሰው ምን ይሆናል? የሚጠይቀው ይህንን ነው።

የእርስዎ መጽሐፍ ልጅት ለርስቱ ስትል ሌላ ሰው ያገባችው ደራሲዋ ስለጨከነች አይመስለኝም። በድሮዎቹ መጻሕፍቷ ማምለጫ ያለውን ችግር ትመርጥ ነበር። አሁን የሌለውን መርጣለች። ያንን ከመረጠች በኋላ በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ውስጥ አንድ አጎት ከየትም አምጥታ ዕዳውን ብታስከፍል ኖሮ፣ እርስዎ ለጊዜው ደስ ይልዎት ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ያነበቡት ሁሉ ግን ይፈርስ ነበር።

ይህ ጸብ ከታሪካዊ ልብ ወለድ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ዋልተር ስኮት በ1814 የመጀመሪያውን ታሪካዊ ልብ ወለዱን ስሙን ሳይጠቅስ ሲያሳትም በገጣሚነቱ ዝናው የናኘ ሰው ነበር። በ1819 ማብቂያ ላይ ባወጣው «አይቫንሆ» ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ፦ ጀግናው ከልጅነቱ የሚወዳት የሳክሶን ወይዘሮ ሮዌና፣ እና ቁስሉን ያከመችው፣ በልቧም የወደደችው አይሁዳዊቷ ርብቃ። አንባቢው ልቡን የሰጠው ለርብቃ ነበር። ብልህ ናት፣ ደፋር ናት፣ በጠንቋይነት ተከስሳ እሳት ሲዘጋጅላት እንኳ አትንበረከክም። ጀግናው ያገባው ሮዌናን ነው። ቅሬታው ስለበዛ ስኮት በ1830 እትም መግቢያ ላይ መልስ ለመስጠት ተገደደ፤ የዚያ ዘመን ጭፍን ጥላቻ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የማይቻል ያህል አድርጎት ነበር አለ። መልሱ ሁሉንም አላረካም። እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልያም ታከሪ በ1850 ተከታይ ታሪክ ጽፎ ሮዌናን ገደላት፣ አይቫንሆንና ርብቃንም አጋባቸው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ታከሪ እነሱን ለማጋባት ርብቃን ክርስቲያን ማድረጉ ነው። አንባቢን ለመካስ የተነሣው ሰው እንኳ ስኮት ያመለከተውን ግድግዳ አላፈረሰም፤ ዞሮት ሄደ። በዚህም ርብቃን ርብቃ ያደረጋት ነገር ጠፋ፤ በ«አይቫንሆ» ገጾች ሃይማኖቷን ከምትለውጥ ሞትን የምትመርጥ ሴት ነበረችና።

ስለዚህ በመጨረሻው መቆጣትዎ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንባቢነትዎ ደከመ ማለትም አይደለም። ታዲያ አሳዛኝ መጨረሻ ሁሉ አንባቢን ያስቆጣል? አያስቆጣም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በዛብህንና ሰብለወንጌልን በሕይወት አላኖረልንም፤ ሆኖም «ተታለልኩ» ብሎ መጽሐፉን የወረወረ አንባቢ አላጋጠመኝም። ሐዘኑ ከሽፋኑ ጀምሮ ተነግሮናል። ገና ስንገልጠው ወዴት እንደምንሄድ እናውቃለን፣ አውቀንም እንሄዳለን። አንባቢን የሚጎዳው ሳይነገረው የመጣ ሐዘን ነው፤ በተለይ ደግሞ አሥር ጊዜ ደስታን ከሰጠው እጅ ሲመጣ።

የጥፋቱ ትልቅ ድርሻ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ድርሻውም የደራሲዋ ብቻ አይደለም። የሽፋኑን ሥዕል የሚመርጠው፣ የጀርባውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው፣ ስሟን ከርዕሱ አግዝፎ የሚያትመው አሳታሚው ነው። መጽሐፉ የድሮዎቹን የመሰለ ሽፋን ለብሶ፣ በዚያው ስም፣ በዚያው መደርደሪያ ከቀረበ፣ ጽሑፉ ያልገባውን ቃል ሽፋኑ ገብቶልዎታል። ቀደም ያሉ ደራስያን ለዚህ መላ ነበራቸው። እንግሊዛዊቷ ኤሊነር ሂበርት የነገሥታትንና የንግሥታትን ታሪክ ስትጽፍ ጂን ፕሌይዲ፣ ምሥጢርና ፍቅር የተቀላቀለበትን ስትጽፍ ቪክቶሪያ ሆልት፣ የአንድን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ተከትላ ስትጽፍ ፊሊፓ ካር ነበረች። አንባቢው ስሙን አይቶ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። በወንጀል ልብ ወለዶቿ የምትታወቀው አጋታ ክሪስቲም ወንጀል የሌለባቸውን ስድስት ልብ ወለዶቿን ሜሪ ዌስትማኮት በሚል የብዕር ስም አወጣች፤ ከ1930 እስከ 1949 ድረስም የማን እንደሆኑ በይፋ አልታወቀም። ዛሬ ስም ራሱ የገበያ ሀብት በመሆኑ አሳታሚዎች አዲስ የብዕር ስም አይወዱም። ገበያውን አልነቅፍም፤ መጽሐፍ ካልተሸጠ ቀጣዩ አይታተምም። ግን እንደ እርስዎ ያለ ታማኝ አንባቢ በድሮው ስም ተጠርቶ ሌላ ግብዣ ሲቀርብለት ቅር ቢለው እውነት አለው።

ወደ መቶዎቹ ገጾች ልመለስ። «እስኪገናኙ መቶ ገጽ አለፈ» ያሉት ቅሬታ ከመጨረሻው ቅሬታ ይልቅ ለእኔ ለአርታኢው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጥሩ ምክንያትም መጥፎ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ጥሩው ምክንያት ይህ ነው፦ ኋላ የምትከፍለው ዋጋ እንዲከብደን ርስቱ ምን እንደሆነ፣ ያ መሬት ለአባቷ ለእናቷ ምን ማለት እንደነበር፣ ቢጠፋ እነማን ሜዳ ላይ እንደሚወድቁ ማየት አለብን። ይህ በሁለት ገጽ አይሆንም። መጥፎው ምክንያት ደራሲዋ ያጠናችውን መጣል አለመቻሏ ነው። ከሌላ ዘውግ የመጣ ጸሐፊ አዲሱን መስክ ሲያጠና ዓመታት ይፈጅበታል፤ እያንዳንዱ ያገኘው ዝርዝር ዋጋ አስከፍሎታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ማስገባት ያምረዋል። ወታደሩ ስለ ጠመንጃው አሠራር ለባልንጀራው ያስረዳል፤ ባልንጀራው ግን ያንኑ ጠመንጃ ተሸክሟል። ሁለት እህትማማቾች ሁለቱም የሚያውቁትን የቤተ መንግሥት ወሬ ከመነሻው ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለውን ምልልስ አርታኢ መሰረዝ ነበረበት።

ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ከ1865 እስከ 1869 ሲያሳትም፣ ስለ ታሪክ ምንነት የሚፈላሰፍባቸው ምዕራፎች ትረካውን አቋረጡት ብለው ብዙዎች አማረሩ። በ1873 እትም እነዚያን ክፍሎች ከትረካው አውጥቶ በመጨረሻ በአባሪ አስቀመጣቸው፤ በኋለኞቹ እትሞች ግን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዛሬም ያንን መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሰው ያነበዋል፤ ፍልስፍናውን የሚዘልና የማይዘል። ሁለቱም አንብበውታል እላለሁ።

አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ተሳክቷል አልተሳካም ብዬ ስመዝን መጀመሪያ የማየው የዋናዋን ገጸ ባሕርይ አስተሳሰብ ነው። ከፍቅር ልብ ወለድ የሚመጡ ጸሐፊዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ራሱን በጀግናዋ ቦታ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጀግናዋ የእኛን ያህል ነፃነት ትመኛለች፣ በእኛ ቋንቋ ትቆጣለች። ይህ ልማድ ወደ ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲገባ፣ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ በዘመኑ ሲያስብ እሷ ብቻ ከእኛ ዘመን የተላከች ትመስላለች። እርግጥ ነው፣ በየዘመኑ ዘመናቸውን የተቃወሙ ሴቶች ነበሩ። ግን የተቃወሙት በዘመናቸው ሐሳብ ነበር፤ በሃይማኖታቸው፣ በቤተሰብ ክብር፣ በመሐላ፣ በውርስ መብት። ጀግናዋ ለተቃውሞዋ ምክንያት የምታደርገው ነገር በዘመኗ ሰው አፍ ሊገባ የሚችል ከሆነ ደራሲዋ መስኩን ተሻግራለች። ካልሆነ ልብስ ብቻ ነው የለወጠችው፤ ያኔ ከሁለቱም ታጣለህ፤ የፍቅር ልብ ወለዱ ደስታ የለም፣ የታሪኩም እውነት የለም። አንድ ኮከብ ከሰጡት አንባቢዎች መካከል ይህን ያሉ ካሉ፣ ቅሬታቸው ከእርስዎ ቅሬታ የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ። እነሱ አጻጻፉን ነው የሚነቅፉት።

ሌላው የማየው የታወቁ የታሪክ ሰዎች የት እንደቆሙ ነው። ሃንጋሪያዊው ሐያሲ ጆርጅ ሉካች በ1930ዎቹ ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ በጻፈው ጥናቱ፣ የስኮት ዋና ገጸ ባሕርያት መካከለኛ ሰዎች መሆናቸውን፣ ነገሥታትና መሪዎች ግን በዳር እንደሚቆሙ አስተውሏል። መካከለኛው ሰው ከሁለቱም ወገን ጋር ስለሚገናኝ ዘመኑን በእሱ በኩል እናየዋለን። ንጉሡ በየምዕራፉ እየገባ ለፍቅረኞቹ ምክር የሚሰጥ ከሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

«የተለወጠችው እሷ ናት ወይስ እኔ?» ብለዋል። በእርግጥ የተለወጠችው እሷ ናት፤ መለወጧን ግን እንደ ክህደት አይቁጠሩት። በዚህ ነገር የሄየር ታሪክ ልቤን ይነካዋል። አንባቢ በፍቅር ልብ ወለዶቿ ያነገሣት ይህች ደራሲ በ1937 ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት ማዕከል ያደረገ መጽሐፍ አወጣች፤ ፍቅረኞች አሉበት፣ ውጊያው ሲጀምር ግን ትረካው ለብዙ ገጽ ወደ ጦር ሜዳው ይሄዳል። ከዚያ በላይ የምትመኘው ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የላንካስተር ሥርወ መንግሥት በመካከለኛው ዘመን የሚያጠነጥን ሰፊ ሥራ ነበር። ለብዙ ዓመታት አጠናችው፣ ጀመረችው፣ ግን አንባቢውና የገቢ ግብር ዕዳዋ ደጋግመው ወደ ፍቅር ልብ ወለዶቹ መለሷት። በ1974 ስትሞት ሥራው አልተጠናቀቀም ነበር፤ የደረሰበት ክፍል በ1975 ታተመ። አንባቢዎቿ የፈለጉትን አገኙ፤ እሷ የፈለገችውን ሳትጨርስ ቀረች። የእርስዎ ደራሲ ቢያንስ የምትፈልገውን እየጻፈች ነው። መጽሐፉን የመውደድ ግዴታ የለብዎትም። «የድሮውን ብቻ ጻፊ» ከማለት በፊት ግን ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

እርስዎም ትንሽ ሳይለወጡ አልቀሩም። አንድን ደራሲ ለብዙ ዓመት ስናነብ ሁለት ነገር አብረን እንወዳለን፤ የምትተርከውን ታሪክ ዓይነትና ድምፅዋን። አንድ ላይ እስካሉ ድረስ የትኛውን እንደምንወድ አናውቅም። አሁን ተለያይተዋል። እህትዎ ድምፅዋን፣ ማለትም ሰውን የምታይበትን ዓይን፣ የዓረፍተ ነገሯን ምት ይወዱ ኖሯል፤ ያ ወደ አዲሱ መጽሐፍ ተከትሏት ሄዷል። እርስዎ የታሪኩን ዓይነት ይወዱ ኖሯል፤ እሱ ኋላ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው የሚበልጥ አንባቢነት አይደለም። የእርስዎ ምርጫ ያ ከሆነ ያንን ዓይነት የሚጽፉ ሌሎች ደራስያን አሉ፤ እነሱን መፈለግ ታማኝነትን ማፍረስ አይደለም።

ልቀጥል ወይ ላሉት፣ ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት፤ ከተውበት ገጽ ግን አይቀጥሉ። ከመጽሐፉ ጀርባ የደራሲዋ ማስታወሻ ካለ መጀመሪያ እሱን ያንብቡ። የታሪኩን መጨረሻ ቢያፈርስብዎትም ግድ የለም፤ በፍቅር ልብ ወለድም እኮ መጨረሻውን እያወቁ ነበር የሚያነቡት። ያ እርግጠኝነት ሲመለስልዎት ምናልባት ጭንቀቱም ይጣፍጥዎታል። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩና «መቼ ይገናኛሉ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩት፤ በምትኩ ልጅቷ ምን ማድረግ እንደማትችል፣ ማን እንደከለከላት፣ ክልከላውን እንዴት እንደምትኖርበት ይከታተሉ። ሰባ ሰማንያ ገጽ ሄደው ካልያዘዎት ይዝጉት። እህትዎን ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ በጣም የወደዱትን አንድ ምዕራፍ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ከሚለው ፍርድ ይልቅ ያ ምዕራፍ ብዙ ያስረዳዎታል።

አስተያየትዎንም ይጻፉ፤ በደል አይደለም። ደራሲ የሚጎዳው ምክንያት በሌለው አንድ ኮከብ ነው። «ፍቅረኞቹ አልተጋቡምና መጥፎ መጽሐፍ ነው» ብለው አይጻፉ፤ መጽሐፉ ያንን ቃል አልገባም። «የፍቅር ልብ ወለድ ፈልጎ የሚገዛ ሰው ይህ ታሪካዊ ልብ ወለድ መሆኑን ይወቅ፤ ፍቅሩ ዘግይቶ ይጀምራል፣ በጋብቻም አያልቅም፤ ሽፋኑ ይህን አይናገርም» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለው አስተያየት እንደ እርስዎ ያለውን አንባቢ ከቅሬታ ያድናል፣ እንደ እህትዎ ያለውን ደግሞ ወደ መጽሐፉ ይመራል፤ አሳታሚውም ለሦስተኛው መጽሐፍ ሽፋን ሲመርጥ የሚያነበው እሱን ነው።